ቆመው መስገድ ያቃታቸው እናት ሰላትና የጾም ፊድያ

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። የምንኖረው ሸዋሮቢት ነው። እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት፣ ጉልበቷም አልታዘዝ ብሏታል። ሐኪሙ እንዳትጾም ከልክሏታል፤ እሷ ግን «ዕድሜ ልኬን የጾምኩትን አሁን ልተው?» እያለች ታለቅሳለች። ሰላቷንም እየተንገዳገደች ነው የምትሰግደው። እኔ ባለፈው ረመዳን ጡት አጠባ ስለነበር ግማሹን አልጾምኩም። የ9 ዓመት ልጄ ደግሞ ካልጾምኩ ትላለች። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወዓለይኩም አሰላም እህታችን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለታመመው ለዒምራን ኢብን ሑሰይን ቆመህ ስገድ፣ ካልቻልክ ተቀምጠህ፣ ካልቻልክ በጎንህ ብለውታል። እናትሽ ፋቲሓን (የቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍን) ቆመው መቅራት ከቻሉ እስከዚያ ይቁሙ፤ ሲያቅታቸው ይቀመጡ። ለሩኩዕ (ለማጎንበሱ) ጎንበስ፣ ለሱጁድ (ለግንባር መድፋቱ) ከዚያ ዝቅ ይበሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን እኩል ያደርጋል፣ ወይም ትራስ አንስቶ ግንባሩ ላይ ያስነካል። ትራሱ ይቅር። ወንበሩም ግድግዳ ይደገፍ፤ የፕላስቲኩ ይንሸራተታል። ውዱእ (የሰላት ትጥበት) ሲያደርጉ ልጅሽ ውሃ ታፍስላቸው፣ ተረከዛቸውንም ትይላቸው፤ ጎንበስ ማለት ለከበደው ሰው ደርቆ የሚቀረው እሱ ነው።

ጾሙን በተመለከተ፣ ሕመሙ የማይለቅ ከሆነ ቀዷ (ያልጾሙትን በሌላ ቀን መጾም) የለባቸውም፤ ለእያንዳንዱ ቀን ፊድያ (በጾሙ ምትክ ለሚስኪን የሚሰጥ እህል) ይሰጣሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ (የሃይማኖት ሕግ መንገድ) ለቀን አንድ ሙድ ነው፤ መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን ገጥሞ አንዴ የሚዘግነው እህል ማለት ነው። ቤታችሁ የሚበላው ማሽላ ከሆነ ለቀን 600 ግራም ቢያዝ ለ30 ቀን 18 ኪሎ ይመጣል። በሐነፊይ ለቀን ወደ 2 ኪሎ ስንዴ ወይም ዋጋው ነው። የትኛውን እንደምትከተሉ የመስጊዳችሁን ኢማም ጠይቁ። ረመዳን ሳይገባ የተሰጠ አይያዝም፤ ለልጅና ለልጅ ልጅም አይሰጥም።

አደራ፣ ከእሳቸው ተደብቀሽ አትክፈይላቸው። ኒያው (የልብ ሐሳቡ) የእሳቸው ነው። ጆንያው አጠገባቸው ይቀመጥ፣ በየቀኑ በገዛ እጃቸው ይስፈሩ፣ ልጅሽ ለሚስኪኑ ጎረቤት ታድርስ። አንድ ጊዜ ተጠቃሎ በሰው እጅ ከወጣ እናትሽ ረመዳኑ ያለ እሳቸው ያለፈ ይመስላቸዋል፤ የሚያስለቅሳቸውም ይኸው ነው። በሱረቱል በቀራህ 184 እና 185 ላይ አላህ ራሱ ማግራቱን እየደጋገምሽ አስታውሻቸው።

ያንቺን ቀናት ቆጥረሽ ጻፊና ከሚቀጥለው ረመዳን በፊት ቀዷ አውጪ፤ ማከታተል ግዴታ አይደለም። ያልጾምሽው ለልጁ ብቻ ሰግተሽ ከሆነ በሻፊዒይ ለየቀኑ አንድ ሙድ ይጨመራል።

ልጅሽ ገና ግዴታ የለባትም። እስከ ዙህር ትጹምና ምሳዋን ከአያቷ ጋር ትብላ፤ እሳቸውም ብቻቸውን መብላት አያፍሩም፣ መድኃኒታቸውንም በሰዓቱ ይወስዳሉ። ተደብቀው ጾመው እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ካላባቸው ወይም የስኳር መለኪያው ከ70 (mg/dL) በታች ካሳየ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ስጫቸው፤ መግሪብ አይጠበቅም።