ሲአርፒ ሐዘንን አይለካም

ለላቦራቶሪ ልጆቼ፣

ፒያሳ ባገኛችሁኝ ቁጥር «ጋሼ፣ ድባቴ በደም ምርመራ ይታወቃል የሚባለው እውነት ነው?» ትሉኛላችሁ። የደሴ ብርድ መንገድ ላይ አቁሞ አያስወራም፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ።

ወሬው ከመሬት አልተነሣም። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት ሕመም) ወይም እኛ ቁርጥማት ብለን የምናልፈው ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ በድባቴ ይያዛል። ስቃዩና ከሥራ መዋሉ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ሰውነት ሲቆጣ የሚለቀው ኢንተርሉኪን 6 የተባለ መልእክተኛ፣ ጉበት ሲአርፒን፣ በደም የሚለካውን የመቆጣት ምልክት፣ እንዲያመርት ያዛል፤ የእንዲህ ያሉ መልእክተኞች ጣጣ አንጎልም ዘንድ ይደርሳል። ለጉበት ቫይረስ ኢንተርፌሮን፣ እሱም ከእነዚህ መልእክተኞች አንዱ ነው፣ ይወጉ ከነበሩት ጥቂት የማይባሉትን በሳምንታት ውስጥ ድባቴ ያዛቸው። ዘመድ አልሞተባቸው፣ ቤት አልፈረሰባቸው፤ መርፌ ነው የተወጉት።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሙከራም አለ። የድባቴ መድኃኒት አልበጅ ካላቸው 60 ሰዎች ለግማሾቹ የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒት የሆነው ኢንፍሊክሲማብ፣ ለቀሩት መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ተሰጠ። በጥቅሉ ልዩነት አልታየም። ኢንፍሊክሲማብ ከተሰጣቸው መካከል ሲአርፒያቸው በሊትር ከ5 ሚሊግራም በላይ የነበሩት ግን የተሻላቸው መሰለ። ነገር ግን ሉፐስን የመሰለ ሕመም ያለበት ሰው እዚያ ሙከራ ውስጥ አልገባም። ጣቷ ያበጠ ሴት ሲአርፒዋ 40 ቢወጣ የመገጣጠሚያዋ ነው ወይስ የሆዷ ሐዘን? ማሽኑ አይለይላችሁም።

ይህን የተማርኩት በገዛ ጥፋቴ ነው። ሲአርፒ ባልነበረን ዘመን ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታ በየወሩ የምትመጣ ሴት ነበረች። ኢኤስአር፣ ማለትም ቀዩ ደም በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደሚወርድ የሚለካውን የመቆጣት ምርመራ፣ እሠራላታለሁ፤ ደሙን ከሲትሬት ቀላቅዬ ቱቦውን እስከ ዜሮ ሞልቼ ቀጥ አድርጌ አቆማለሁ። ካዘነበለ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይዋሻል። አንድ ሰዓት ይጠበቃል፤ እሷም አግዳሚው ላይ ትጠብቃለች። አንድ ቀን የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ብር ማውጣት አቃታት፤ እኔ ፈታሁላት።

«እታለም፣ ጣትሽ አልተሻለሽም?»

«ጣቴስ ይሁን ወንድምዓለም። ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ቡና ሳፈላ ሽታው እንኳ አይሸተኝም።»

የወሎ ሴት የቡና ሽታ ራቀኝ ስትል መደንገጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ቱቦውን አየሁ፤ ባለፈው 70 የነበረው 30 ወርዷል። «አይዞሽ፣ ደምሽ ተሽሎታል» ብዬ ወረቀቷን ሰጠኋት። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ያወረደው የምትወስደው፣ መቆጣትን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ነው። ያ መድኃኒት ራሱ እንቅልፍና ስሜት እንደሚያናውጥ አውቃለሁ፤ ለሐኪሙ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

«ታዲያ ድባቴን የሚለካውን ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ እንጠይቅ» ትሉኝ ይሆናል። ጠይቁ፤ በአማርኛም አለ፣ ከ0 እስከ 27 ይደመራል። እሱም ቢሆን ወጥመድ አለው። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ሉፐስም ያመጣቸዋል፤ ድምሩ ከፍ ቢል ወዲያው ድባቴ ነው አትበሉ። እኔ ይበልጥ የማምነው ደስታ ማጣትንና ራስን ከንቱ አድርጎ ማየትን የሚጠይቁትን ነው፤ እነሱን የመገጣጠሚያ ሕመም ብቻውን አያመጣቸውም። ሄሞግሎቢንና ቲኤስኤች (የታይሮይድ ምርመራ) ይታዩ ዘንድም ለሐኪሙ አስታውሱ። የደም ማነስ ሰውን ያደክማል፣ ኢኤስአርንም ከፍ ያደርጋል፤ የታይሮይድ መቀነስ ደግሞ ቁርጥ ድባቴ መስሎ ይመጣል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት የማሰብ ነው። መልሱ ከ0 ካለፈ ወረቀቱን አስይዛችሁ «ቀጥሎ ያለው በር ነው» አትበሉ። ጓንቱን አውልቁ፣ አብራችሁ ሂዱ፣ ታካሚዋ ሐኪሙ ፊት እስክትቀመጥ አትመለሱ።