ቡናው «ጠንካራ» ነው ወይስ «ወፍራም»?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ቡና ቆልተንና ፈጭተን በከረጢት አሽገን እንሸጣለን። ከረጢቱ ላይ በእንግሊዝኛ ‹ስትሮንግ›፣ ‹ሮበስት›፣ ‹ሪች›፣ ‹ሱፔሪየር› እና ‹ፕሪሚየም› የሚሉ ቃላት ታትመዋል። አማርኛውን አንድ ልጅ ከመዝገበ ቃላት እያወጣ ‹ጠንካራ፣ ጠንካራ፣ ሀብታም፣ የበላይ› ብሎ ጻፈልን፤ ‹ፕሪሚየም›ን እንዳለ ተወው። እናቴ አንብባ ‹ሀብታም ቡና ደግሞ ምን ዓይነት ነው?› አለችኝ። ምን ብለን ብንጽፍ ይሻላል?»

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው፤ ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ እርሳቸውን ቢሰሙ ይሻልዎታል። ልጁም ቢሆን የቃላቱን ፍቺ አልሳተም። ፍቺው ከቡና ጋር መግጠም አለመግጠሙን ሳያይ ነው የጻፈው።

እንግሊዝኛ «ስትሮንግ» የሚለውን አንድ ቃል ለቡናም፣ ለነፋስም፣ ለእምነትም፣ ለመድኃኒትም ይሰጠዋል። አማርኛ ግን ብርታትን የሚናገረው እንደ ነገሩ ዓይነት ነው። ነፋስ ኃይለኛ ነው፤ እምነት ጽኑ ነው፤ የሚፈውስ መድኃኒት ፍቱን ነው፤ ሥራ የማይፈራ ሰው ብርቱ ነው። ጠጅ ቤት ገብቶ ሞቅ የሚያደርገውን የሚፈልግ ሰው «ደረቅ» ብሎ ያዛል እንጂ «ጠንካራ» አይልም። ማኪያቶም ቡናው እንዲበዛበት ሲፈለግ «ጠቆር ያለ» ይባላል። ቃላቱን ማለዋወጥ ደግሞ ትርጉም ያበላሻል። «ኃይለኛ ሰው» ብንል ሰሚው የሚረዳው ቁጡ ሰው ነው፤ ሥልጣኑ ወይም ጉልበቱ የገነነ ለማለት «ኃያል» አለን። «ጽኑ»ም እምነትን ሲያወድስ የምናውቀው ቃል ነው፤ ከሕመም ወይም ከእሥራት ጋር ሲሆን ግን ክብደትን ይናገራል።

ቡና በዚህ በኩል የራሱ ቃል አለው፦ ወፍራምና ቀጭን። ሻይም እንደዚሁ። «ጠንካራ ቡና» የሚለው አነጋገር ዛሬ ዛሬ በማስታወቂያ ይሰማል፤ ሰው ይረዳዋል፤ እኔ ግን አልደግፈውም። የቆየው ቃላችን ጎድሎን ቢሆን ኖሮ መዋሱ ባልከፋ፤ አልጎደለንም።

ለእርስዎ ሥራ የሚጠቅመው ዋናው ነጥብ ግን ሌላ ነው። «ወፍራም» የሚባለው የተፈላው ቡና እንጂ ዱቄቱ አይደለም። አቦል ወፍራም ነው፤ ቶና ቀጠን ይላል፤ በረካ ቀጭን ነው። ሦስቱም የሚወጡት ከአንድ ጀበና፣ ከአንድ ዱቄት ነው። ስለዚህ የታሸገ ዱቄት ላይ «ወፍራም ቡና» ብሎ መጻፍም ልክ አይመጣም፤ ውፍረቱን የሚወስነው የሚያፈላው ሰው ነው። «ስትሮንግ» በከረጢታችሁ ላይ አቆላሉን የሚናገር ከሆነ «ጠቆር ተደርጎ የተቆላ» በሉ። ገዢው ምን እንደሚገዛ በትክክል ያውቃል።

«ሮበስት»ን ከአማርኛው ብቻ ሳይሆን ከእንግሊዝኛውም እንድታወጡት አጥብቄ እመክራለሁ። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ ጠንካራ እንጨት ያለውን የባሉጥ ዛፍ፣ በዚያም ጥንካሬን ያመለክታል። ከዚሁ ሥር «ሮቡስታ» የተባለው ሌላ የቡና ዝርያ ስሙን አግኝቷል። ሮቡስታ ካፌይኑ ከእኛው አረቢካ እጥፍ ገደማ የሚደርስ፣ ጣዕሙ መረር የሚል፣ በዓለም ገበያም ብዙ ጊዜ በርካሽ የሚሸጥ ነው። የጅማ ቡና አረቢካ ነው። የውጭ ገዢ «ሮበስት» የሚለውን በችኮላ አንብቦ ሮቡስታ የተደባለቀበት ቢመስለው አይፈረድበትም።

ቡናው በሽታ አይደፍረውም ለማለት ተፈልጎ ከሆነም «ጠንካራ» አይበቃም። እንግሊዝኛ በቅጽል የሚለውን አማርኛ ብዙ ጊዜ በግሥ ይናገረዋል፤ ገበሬዎቻችን «በሽታ የሚቋቋም» ይላሉ። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. አገራችን ውስጥ ከታየ በኋላ፣ መልኮ ባለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የተመረጡት እነ 74110 እና 74112 የተባሉ የቡና ዝርያዎች የሚወደሱት በዚሁ ቃል ነው። «74» የተመረጡበትን 1974 እ.ኤ.አ. ያመለክታል።

«ሪች»ን በተመለከተ ከእናትዎ ጋር ነኝ። ሀብት የሰው ነው። እዚህም ግሥ ያዋጣል፦ «መዓዛው የሚያውድ»፣ «ጣዕሙ አፍ ላይ የሚቆይ»። የቡናው ጠባይ የትኛው እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እውነተኛውን ምረጡ።

ስለ «ሱፔሪየር» ትንሽ ልቆይ። የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን ማበላለጫ የመጣ ነው፤ «ከሌላው ከፍ ያለ» ማለት ነው። አማርኛ ቅጽሉን በማርባት አያበላልጥም፤ «ከዚህ ይልቅ»፣ «ከሁሉ» እያለ ነው የሚያወዳድረው። «የበላይ» ደግሞ ሥልጣንን የሚያመለክት ነው፤ የበላይ ኃላፊ እንላለን እንጂ የበላይ ቡና አንልም። ለዕቃ «ምርጥ» እና «የላቀ» አሉ። «ግሩም» እና «ድንቅ» ስሜት ያዘሉ ናቸው፤ «ግሩም» በግእዝ የሚያስፈራ ማለት ነበር፤ የእንግሊዝኛው «ተሪፊክ»ም ከማስፈራት ተነሥቶ ወደ ማድነቅ መጥቷል። እኔ የምወደው ግን «ማለፊያ» የሚለውን ነው። ማለፊያ ጠጅ፣ ማለፊያ ቡና! ጽሑፍ ላይ እየሳሳ የመጣ ቃል ስለሆነ፣ ከረጢታችሁ ላይ ባየው ከልቤ ደስ ይለኛል። «ፕሪሚየም»ንም ይኸው ይተካዋል።

ከውዳሴ ቃላት ጋር የማይቀላቀሉት የመለኪያ ቃላት ናቸው። በወሬ «ቡናው አንደኛ ነው!» ማለት አድናቆት ነው፤ ከረጢት ላይ «ደረጃ 1» ብሎ መጻፍ ግን በምርመራ የሚሰጥ ውጤት አለኝ ማለት ነው። በፀሐይ የደረቀው የጅማ ቡና በውጭ ንግድ «ጅማ 5» እየተባለ ሲታወቅ የኖረው፣ ቁጥሩ ደረጃ ስለሆነ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ደረጃው ከፍ ይላል። «ስፔሻሊቲ»ም እንዲሁ ተቀምሶ ከመቶ 80 ነጥብና ከዚያ በላይ ላገኘ ቡና የሚሰጥ ስም ነው። ስለዚህ «ልዩ» ብላችሁ አትተርጉሙት፤ «ልዩ» ማንም ስለ ቡናው ሊለው ይችላል። ቡናችሁ ተቀምሶ ነጥቡን ካገኘ «ስፔሻሊቲ» ብላችሁ በፊደላችን ጻፉት፤ ካልተቀመሰ ከእንግሊዝኛውም ይቅር።

እንግዲህ እንዲህ ብትጽፉ እላለሁ፦ «ማለፊያ የጅማ ቡና። ጠቆር ተደርጎ የተቆላ፣ መዓዛው የሚያውድ።» «እጅግ በጣም» የሚለውን አትጨምሩበት፤ «ማለፊያ» ያለ እርሱም ይበቃል።