«ነጥብ የማያስቆጥር ተጫዋች ማን ይፈልገዋል?»

ከሜሪላንድ የጻፍክልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ሁለተኛ ዓመትህ ነው፤ ለኮሌጁ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለህ። ትከላከላለህ፣ ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ) ትለቅማለህ፣ ግን እምብዛም አታገባም። እናትህ ነርሲንግ ግባ ይሉሃል። አጎትህ ደግሞ ርዕስ ያደረግኩትን ጥያቄ ጠየቁህ። አንተ በቀድሞው የዲትሮይት ተከላካይ በቤን ዋላስ እየተጽናናህ «ልቀጥል ወይስ ልተው?» አልከኝ።

ኤንቢኤ፣ ትልቁ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ትገባለህ ብዬ አልዋሽህም። የአጎትህ ጥያቄ ግን ከነከነኝ።

ዋላስም የጀመረው ክሊቭላንድ ካለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ከዚያ ወደ ቨርጂኒያ ዩኒየን ተዛወረ። የኤንቢኤ ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት በ1996 ድራፍት ማንም አልመረጠውም። ለመሃል ተጫዋች አጭር ነው፣ ሲወረውርም ይስታል። እውነትም ይስታል! በሙያ ዘመኑ በጨዋታ በአማካይ 5.7 ነጥብ ብቻ ነው ያገባው። ያም ሆኖ 4 ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ፤ በ2021 የዝና አዳራሽ ገባ።

ዲትሮይት ከሌከርስ የተጫወተበትን የ2004ን የኤንቢኤ ፍጻሜ ፈልገህ እየው። የሌከርሱ ግዙፍ የመሃል ተጫዋች ሻኪል ኦኒል ኳስ ሲይዝ ሌሎች ቡድኖች ሁለት ሰው ይልኩበት ነበር። ዲትሮይት ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው፣ በተለይ ዋላስን፣ ብቻውን አጋፈጠው። ሻኪል ነጥቡን አላጣም። የቀሩት አራቱ የዲትሮይት ተጫዋቾች ግን ከሚጠብቁት ሰው አልተነቃነቁም፤ ሌላው የሌከርስ ኮከብ ኮቢ ብራያንት ሲወረውር ሲስት ሰነበተ። ሌከርስ 4 ለ 1 ተሸነፈ። የዋላስ ውለታ በነጥብ ሰንጠረዥ ላይ የለም።

በ2006 ቺካጎ ለ4 ዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ወሰደው። እዚያ የግንባር ማሰሪያ በማድረጉ እንኳን ከአሰልጣኙ ጋር ተጋጨ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወደ ክሊቭላንድ ተላከ። ዕድሜም አለበት፤ ግን ሰው ራሱ አይለወጥም፣ አለቃው ይለወጣል። ባንክ ውስጥ ኦዲተር ሆኜ ስሠራ ይህንኑ አየሁ። ስህተት ሳይወጣ ስትይዝ አንዱ ኃላፊ ያመሰግንሃል፣ ሌላው ሥራ አደናቃፊ ይልሃል።

ስለዚህ ስትዛወር የዩኒቨርሲቲውን ስም ሳይሆን አሰልጣኙን ምረጥ። ጨዋታቸውን እይ። የመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ላይ ሜዳ ውስጥ ማንን ያቆያል? የማያገባ ተከላካይ ካለበት ደውልለት። የምትልከው ቪዲዮ የመከላከል ይሁን፤ ሦስቷን ቅርጫትህን ተዋት። ስኮላርሺፑ ሙሉ ላይሆን ይችላል፣ የቀረውን ከየት እንደምታመጣ አስቀድመህ አስላ።

ወደ እናትህ ልምጣ። ደም ሳይ ያዞረኛል ብለሃል። እንዲህ ያለ ሰው ለደመወዙ ብቻ ነርስ ቢሆን የሚጎዳው በሽተኛው ነው፤ እሳቸውንም እንዲሁ በላቸው። እውነቱን ለመናገር ጭንቀታቸው አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ይመስለኛል። ከቅዳሜ ሥራህ በየወሩ ስንት እንደምትሰጥ ቁርጡን ንገራቸው። አካውንቲንግ ላይ ውጤትህ ጥሩ ነው አልክ፤ እሱን ይዘህ ተዛወር። ኳሱ ቢቆም ዲግሪው ይቀራል።

የቅጣት ውርወራ ተለማመድ። ዋላስ ከመቶ 41 ያህሉን ነበር የሚያገባው፤ ተጋጣሚ እያወቀ ጥፋት ሠርቶበት ወደ ቅጣት ውርወራ ይልከው ነበር።

ስለ ቁመትህ ለጠየቅከው ግን ምንም ምክር የለኝም።