ፈንጂ የሚቋቋሙት ወታደር ማጓጓዣዎች፦ ጥያቄና መልስ

በደቡብ አፍሪካ ስለተሠሩት ስለ ቡፈል፣ ስለ ካስፒርና ስለ ቀዳሚዎቻቸው የመጡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፤ ጥፋቱ የጥያቄው ነው።

ጥያቄ፦ እነዚህ መኪኖች ከአሜሪካ ወይም ከሶቪየት ኅብረት ሳይሆን ከደቡባዊ አፍሪካ የወጡት ለምንድን ነው?

በመንገዱ ምክንያት ነው። ሮዴዥያ፣ ማለትም የዛሬዋ ዚምባብዌ፣ እና በደቡብ አፍሪካ ይዞታ ሥር የነበረችው ናሚቢያ ሰፋፊ አገሮች ናቸው። በ1970ዎቹ ወታደርም ፖሊስም የሚመላለሰው በአፈር መንገድ ነበር። የነጻነት ታጋዮቹ ታንክና አውሮፕላን አልነበራቸውም፤ በሌሊት የሚቀበር ፈንጂ ግን ነበራቸው። ሶቪየት ሠራሾቹ ፀረ ታንክ ፈንጂዎች ቲ ኤም 46 እና ቲ ኤም 57 እያንዳንዳቸው 6 ኪሎ ግራም ገደማ ፈንጂ ይይዛሉ። የተሠሩት የታንክ ሰንሰለት ለመበጠስ ነው፤ ላንድሮቨር ሲወጣባቸው የሚሆነውን ገምቱ። ታላላቆቹ መንግሥታት በዚያ ዘመን የሚዘጋጁት በአውሮፓ ሜዳ ለሚደረግ የታንክ ጦርነት ስለነበር፣ ወታደር የጫነ ተራ መኪና ከሥሩ ስለሚመታበት ሁኔታ ብዙም አልተጨነቁም።

መጀመሪያ የተሞከረው የጋራዥ መላ ነው፦ ወለሉ ላይ የአሸዋ ከረጢት መደርደር፣ ወፍራም ጎማ ማንጠፍ፣ በመኪናው ጎማ ውስጥ ውሃ መሙላት። ቀጥሎ በ1970ዎቹ አጋማሽ ደቡብ አፍሪካውያኑ ኡኒሞግ ከተባለው የጀርመን ጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ቦስፋርክን፣ ከቤድፎርድ የጭነት መኪና ላይ ደግሞ ሂፖን ሠሩ። ቡፈል በ1978 ሥራ ጀመረ፤ ካስፒርም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የአገሪቱ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ከተመራማሪዎቹ መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ቬርነን ጆይንት ነው።

ጥያቄ፦ ምስጢሩ የመኪናው ሆድ እንደ V ፊደል ወደ ታች ሹል መሆኑ ብቻ ነው? ብረቱን ማወፈር አይበቃም ነበር?

አይበቃም። ፈንጂ ከመሬት ውስጥ ሲፈነዳ ጋዙም አፈሩም ወደ ላይ ይወረወራል። ወለሉ ጠፍጣፋ ከሆነ ግፊቱን በሙሉ ይቀበላል፤ ብረቱ ባይቀደድ እንኳ ወደ ላይ ይጎብጥና በላዩ የቆመውን እግር ይሰብራል። የሹል ሆድ ሥራ፣ ጣሪያ ዝናቡን ግራና ቀኝ እንደሚያወርደው ሁሉ፣ ፍንዳታውን ወደ ጎን ማንሸራተት ነው።

ሁለተኛው ነገር ከፍታ ነው። የፍንዳታ ኃይል ከምንጩ በራቀ ቁጥር በፍጥነት ይዳከማል፤ ሰውን ግማሽ ሜትር ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ብዙ ብረት ከመጨመር የተሻለ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። እነዚህ መኪኖች መሰላል የሚያስፈልጋቸው እስኪመስሉ ድረስ ረጃጅም የሆኑት ለዚህ ነው።

ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል። ንድፍ አውጪዎቹ መኪናውን ለማዳን አልሞከሩም። ጎማው፣ አክሱሉ፣ መከላከያው ተገንጥሎ ይሂድ፤ ሰው ያለበት ሣጥን ይትረፍ፤ ስሌታቸው ይህ ነው። ፈንጂ የረገጠ ቡፈል የፊት እግሩን አጥቶ በአፍንጫው ተደፍቶ ሲታይ የተሸነፈ ይመስላል፤ ተሳፋሪዎቹ በእግራቸው ከወረዱ ግን የተሠራበትን ሥራ ጨርሷል።

አራተኛው የመቀመጫ ቀበቶ ነው። በቡፈል ውስጥ 10 ወታደሮች አምስት አምስት ሆነው ጀርባ ለጀርባ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው፣ ትከሻንም ወገብንም በሚይዝ ቀበቶ ታስረው ይቀመጡ ነበር። ያልታሰረ ሰው ከፍንዳታው ቢተርፍ እንኳ ተወርውሮ ይሰበራል። ያልታሰረ የጥይት ሣጥንም እንደዚያው ነው፤ በጠባብ ቦታ ውስጥ የሚበር ሣጥን ራሱን የቻለ መሣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ የቡፈል ሹፌር ለብቻው ተነጥሎ የተቀመጠው ለምንድን ነው? ፎቶግራፉን ሳየው ግራ ገባኝ።

ሻንሲው የኡኒሞግ ነው። ከላዩ ሁለት የተለያዩ ብረት ለበስ ሣጥኖች ተጭነውበታል፦ አንዱ ከሞተሩ በስተግራ ያለው የሹፌሩ ጋቢና፣ ሌላው የወታደሮቹ መቀመጫ። ሹፌሩ ፊት ጎማው አጠገብ ስለሆነ ፈንጂው ሲነሣ ከሁሉ በላይ የሚቀርበው እሱ ነው። ብቸኛም ነው፤ ከኋላው ካሉት ጋር እንደልቡ አይነጋገርም። ቆንጆ አሠራር አይደለም፤ በቶሎና በርካሽ የተገኘ አሠራር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ መካኒክ ነኝ። ፈንጂ ከመታው በኋላ ይጠገናል ወይስ ይጣላል?

ወንድሜ፣ የእነዚህን መኪኖች ዋጋ ለመረዳት ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ይጠገናል። ቡፈል በገበያ ላይ በነበረ የጭነት መኪና አካል ስለተሠራ መለዋወጫው እንግዳ አልነበረም። ካስፒር ላይ ነገሩ ይለያል፦ የተለየ ሻንሲ የለውም፣ ሹሉ ብረት ለበስ አካል ራሱ ዋናው ተሸካሚ ነው። አክሱልና ጎማ ከሥሩ ይታሰራሉ፤ ሲመታ ይገነጠላሉ፤ ከዚያ ሌላ አምጥቶ ማሰር ነው። 11 ቶን ገደማ የሚመዝነው ካስፒር የተነደፈው ሦስት ተደራራቢ ቲ ኤም 57 ከጎማው ሥር፣ ወይም ሁለት ከሆዱ ሥር ቢፈነዱ ተሳፋሪዎቹ እንዲተርፉ ነው። ደፈጣ ተዋጊዎቹም ፈንጂ መደራረብን ያውቁ ነበርና ቁጥሩ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም።

ጥያቄ፦ ድክመት የለውም ማለት ነው?

ሞልቶታል። ቡፈል ረጅምና ጠባብ በመሆኑ በፍጥነት ሲታጠፍ ይገለበጥ ነበር፤ ከላይ ክፍት ስለሆነ ደግሞ ቀበቶውን የፈታ ሰው ተወርውሮ ከሥሩ ሊገባ ይችላል። ከፈንጂ ያዳነው ከፍታ በመንገድ አደጋ ጠላት ሆነ። ብረቱ የጠመንጃ ጥይትና ፍንጣሪ ይመልሳል እንጂ አር ፒ ጂ 7ን አይመልስም። ካስፒርም በዚህ አይሻልም። እነዚህ መኪኖች ወታደር ያደርሳሉ፤ ታንክ ናቸው ብሎ ወደ ከባድ ውጊያ የሚነዳቸው አዛዥ ሰው ያስጨርሳል።

ጥያቄ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የአፓርታይድን መሣሪያ እንዲህ ማወደስ ተገቢ ነው?

ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልተናገሩም። በ1980ዎቹ የጥቁሮች ሰፈር የነበሩት የሶዌቶና የአሌክሳንድራ ነዋሪ ካስፒርን የሚያውቀው በሹል ሆዱ አልነበረም፤ ጠዋት መንገዱን ዘግቶ ሲቆም፣ ከላዩ ጥይትና አስለቃሽ ጋዝ ሲተኮስ ነው። ሕዝቡ ዓይነቱን ሳይለይ ሁሉንም «ሂፖ» ይላቸው ነበር። የአሌክሳንድራ ወጣቶች መኪኖቹ እንዳያልፉ መንገድ ላይ ጉድጓድ ይቆፍሩባቸው ነበር። በሰሜን ናሚቢያ ኩፉት የተባለው የፖሊስ ክፍል ደፈጣ ተዋጊዎችን የሚያሳድደው በካስፒር ሲሆን፣ የገደላቸውን ሰዎች አስከሬን በመኪኖቹ ላይ አስሮ ይዞር እንደነበር በደቡብ አፍሪካ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ተመዝግቧል።

ስለዚህ እኔ የምለው ይህን ነው፦ ስሌቱ ትክክል ነበር፤ የተሰላለት ዓላማ ግን ግፍ ነበር። ፈንጂ የማይጎዳው ፖሊስ ወደ ሰው መንደር ለመግባት የበለጠ ይደፍራል። ብረቱ ውስጡ ያለውን ሰው ብቻ ነው የሚጠብቀው። ለዚያም ነው መኪናው እንዲህ ተሳክቶለት ጦርነቱ ያልተሳካው፤ ዚምባብዌ በ1980፣ ናሚቢያ በ1990 ነጻ ወጡ።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላስ የት ደረሱ?

ቡፈል ወደ ስሪላንካ ሄደ። አገሪቱ ከታሚል ታይገሮች አማፅያን ጋር በምትዋጋበት ጊዜ ገዝታው፣ ከእሱ በመነሣት ዩኒኮርንና ዩኒቡፈል የተባሉትን ራሷ ሠራች። በደቡብ አፍሪካ ጦር ውስጥ በ1990ዎቹ ማምባ ተካው። ካስፒር ነጭ ቀለም ተቀብቶ በፈንጂ ማምከን ሥራ ላይ ተሰማርቷል፤ በሶማሊያ የአፍሪካ ኅብረት ሰላም አስከባሪዎችም ተጠቅመውበታል።

ትልቁ ታሪክ ግን የአሜሪካ ነው። ኢራቅ ሲገቡ ይዘውት የሄዱት ሀምቪ የተባለው ወታደራዊ መኪና ዝቅ ያለና ወለሉ ጠፍጣፋ ነበር። መንገድ ዳር በሚቀበር ፈንጂ ወታደሮቻቸው ካለቁ በኋላ፣ በ2007 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ ባለ ሹል ሆድ መኪኖችን ከግዢዎች ሁሉ አስቀደሙ። ከ20 ሺህ በላይ ተሠሩ፤ ወጪውም ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከመካከላቸው በፋሎ የተባለው ፈንጂ አነፍናፊ ከካስፒር የወረደ ነው፤ የደቡብ አፍሪካውን አር ጂ 31 ደግሞ እንዳለ ገዝተውታል። ሠላሳ ዓመት ያስቆጠረ እውቀት ነበር፤ ቀደም ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር።

ጥያቄ፦ ፈንጂውን ከመቋቋም ይልቅ ቀድሞ ማግኘት አይሻልም ነበር?

ሮዴዥያ ውስጥ ኧርነስት ኮንሸል የተባለ መሐንዲስ ይህንኑ አስቦ ፑኪን ሠራ። አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ በፎልክስዋገን አካላት የተሠራ ቀላል መኪና ነው። ከሥሩ ፈንጂ ጠቋሚ አለው። ክብደቱ እንዲሰራጭ በጣም ሰፋፊ ጎማዎች፣ ያውም በእሽቅድምድም ያገለገሉ የፎርሙላ ዋን ጎማዎች ተገጥመውለታል፤ በዚህም ፈንጂው ላይ አልፎ ሳያስነሣው ይሄዳል። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ነገር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚፈትሸው፤ ጠቋሚውም በአብዛኛው ብረት ፈላጊ ስለሆነ አካሉ ፕላስቲክ የሆነ ፈንጂ ያስቸግረዋል።

ጥያቄ፦ የፈንጂ ክልከላ ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ እነዚህ መኪኖች አላስፈላጊ አልሆኑም?

በ1997 የተፈረመው የኦታዋ ስምምነት የሚከለክለው ፀረ ሰው ፈንጂን ነው። ፀረ ተሽከርካሪ ፈንጂን አይነካም።

ጥያቄ፦ ቡፈል ከወታደሮቹ ሥር ውሃ ይጫናል ሲባል ሰምቻለሁ። ለፈንጂው ነው ወይስ ለመጠጥ?

ለሁለቱም። በሹሉ ሆድ ውስጥ ሁለት የፕላስቲክ ታንከሮች ነበሩ፤ አንዱ 200 ሊትር ናፍጣ፣ ሌላው 100 ሊትር ውሃ ይይዛል። በፍንዳታ ጊዜ ኃይሉን በከፊል ይውጣሉ፤ በሌላ ጊዜ ወታደሩ ከኋላ ያለውን ቧንቧ ከፍቶ ኮዳውን ይሞላል።