የእንግሊዝ ነገሥታት ቁጥር ከየት መጣ? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የጠየቃችሁኝን እዚሁ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቀዳማዊ ኤድዋርድ ከመንገሡ በፊት ሌሎች ኤድዋርዶች ነበሩ ይባላል። ታዲያ እንዴት አንደኛ ሆነ?

ነበሩ እንጂ፣ ያውም ሦስት። የመጨረሻው፣ ቅዱስ የሚሉት፣ የሞተው በ1066 መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ዊሊያም ከኖርማንዲ ባሕር ተሻግሮ አገሩን ያዘ፤ የዛሬው ቆጠራ የሚጀምረውም ከሱ ነው። የሚገርመው፣ በ1272 የነገሠው ኤድዋርድ ስሙ የወጣለት በዚያው ቅዱስ ነው፤ ቅዱሱ ግን አልተቆጠረም! እሱ ራሱም በዘመኑ ኤድዋርድ ብቻ ነበር። ችግሩ የመጣው ልጁም ኤድዋርድ፣ የልጅ ልጁም ኤድዋርድ ሲሆን ነው። ሰነድ ላይ የቱ ኤድዋርድ እንደሆነ መለየት ስላስቸገረ ጸሐፊዎቹ የልጅ ልጁን «ከወረራው ወዲህ ሦስተኛ» እያሉ ይጽፉት ጀመር። እያደር «ከወረራው ወዲህ» የምትለዋ ተጣለች፣ ቁጥሯ ቀረች።

ቪክቶሪያ ለምን ቁጥር የላትም?

ሁለተኛ የለቻማ። ጆን፣ ስቴፈን፣ አን፣ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። የኛው ጃንሆይ ግን ገና ሲነግሡ «ቀዳማዊ» ነበሩ። ቤቱ ለየቅል ነው።

ሲነግሡ ስም መቀየር ይችላሉ?

ይችላሉ። የኤልሳቤጥ አባት ቤተሰቡ ዘንድ በርቲ ነበር፣ ከአልበርት። ወንድሙ በ1936 ዙፋኑን ጥሎ ሲወጣ ግን ከስሞቹ መጨረሻ ላይ ያለውን የአባቱን ስም አንስቶ ጆርጅ ስድስተኛ ሆነ። ብልጥ ምርጫ ይመስለኛል፤ በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል ሰው የለመደውን ስም ሲሰማ ይረጋጋል።

ስኮትላንድ ውስጥ በኤልሳቤጥ ቁጥር ተጣሉ የሚባለውስ?

እውነት ነው። ስኮትላንድ የመጀመሪያዋን ኤልሳቤጥ አታውቃትም፣ የእንግሊዝ ብቻ ንግሥት ነበረች። ስለዚህ ኤዲንብራ ላይ «ኤልሳቤጥ 2ኛ» የሚል ምልክት ያለበት አዲስ የፖስታ ሣጥን ሲተከል ሬንጅ ቀቡት፣ በመዶሻ ደበደቡት፣ በመጨረሻም በየካቲት 1953 በፈንጂ አነጎዱት። ፍርድ ቤትም ተኬደ፣ ከሳሾቹ ተረቱ። ያኔ ቸርችል ያመጡት ሐሳብ ከሁለቱ አገሮች ቆጠራ ትልቁ ይወሰድ የሚል ነው። በዚህ ከሄድን ነገ ጄምስ የሚባል ቢነግሥ ስምንተኛ ይባላል፣ እንግሊዝ የምታውቀው ሁለት ጄምስ ብቻ ቢሆንም።