ዝቅ የተደረገው ኮሮላ ለምን «ቀጭ» ይላል?

ጥያቄ፦ በፈረንጆች 2003 ሞዴል የሆነውን አውቶማቲክ ኮሮላዬን የፊት ሞላዎቹን አስቆርጬ ዝቅ ካስደረግሁት በኋላ፣ መሪ ዞሮ ነዳጅ ስሰጥ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ጀመረ። ጋራዥ ወስጄ የቀኙን አክስል (ኃይልን ከማርሽ ሳጥን ወደ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ) በአዲስ ካስቀየርሁ ወዲህ ያ ድምፅ ጠፍቷል፤ ነገር ግን ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ቀይሬ ስነሳ አንድ ጊዜ ብቻ «ቀጭ» ይላል። አዲሱም አክስል ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። የውጭው ሲቪ ጆይንት፣ ማለትም አክስሉ ታጥፎም እንዲሽከረከር የሚያስችለው በጎማ በኩል ያለው መገጣጠሚያ፣ ሲበላ ድምፁ ከጎማው ዙር ጋር እየተፈራረቀ ይመላለሳል፣ መሪው በዞረ መጠንም ይብሳል፤ የመጀመሪያው ድምፅዎ ይህ ስለነበር አክስሉ መቀየሩ ትክክል ነበር። አቅጣጫ ሲቀየር አንዴ ብቻ ተሰምቶ የሚጠፋው ድምፅ ግን በአብዛኛው የሚመጣው አክስሉ ከሀቡ (ጎማው ከሚታሰርበት የሚሽከረከር መሃል) ጋር ከታሰረበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ያረፈው አክስሉን በገጠመው እጅ ላይ ነው።

ምክንያቱን ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው ይህን ባለማወቁ ደኅና አክስል ይጥላልና። የአክስሉ ጫፍ በጥርሶቹ ሀቡ ውስጥ ይገባል፤ በጥርሶቹ መካከል ግን ለመግጠም ያህል እጅግ ጥቂት ክፍተት አለ። ያ ክፍተት እንዳይሰማ የሚያደርገው በአክስሉ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ትልቁ ዳዶ ሲሆን፣ እርሱ ሲጠብቅ የጆይንቱ ትከሻ ከኩሽኔታው (ከሀቡ ቤሪንግ) የውስጥ ቀለበት ጋር በከፍተኛ ኃይል ይጣበቃል። ወደ ኋላ ሲሄዱ አክስሉ በአንድ በኩል ይጠመዘዛል፣ ወደ ፊት ሲነሱ ደግሞ በተቃራኒው። ዳዶው በሚገባ ካልጠበቀ፣ ወይም ሁለቱ ፊቶች ደረቅና ሸካራ ከሆኑ፣ ትከሻው መጀመሪያ ተይዞ ይቆይና ጉልበቱ ሲበረታበት በድንገት ይንሸራተታል፤ የሚሰሙት «ቀጭ» ይህ ነው። ጥርሶቹ አንዴ በአዲሱ አቅጣጫ ከተደገፉ በኋላ የሚንሸራተት ነገር ስለሌለ፣ አቅጣጫ እስኪቀይሩ ድረስ ድምፁ አይደገምም። የኮሮላዎ ዳዶ 216 ኒውተን ሜትር የማጥበቂያ ኃይል ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በእጅ ግምት ወይም ዳዶውን በመሮ በመምታት የሚገኝ አይደለም።

ከመፍታትዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ይለዩ። መኪናው ቆሞ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ሲያዞሩ «ጓ» የሚል ከሆነ፣ የተቆረጠው ሞላ ከመቀመጫው እየተንሸራተተ ነው። ፍሬን ረግጠው ማርሽ ሲቀይሩ ደብዛዛ «ድም» ከሰሙ ደግሞ የሞተር መያዣ ጎማዎችን ይመልከቱ። ሁለቱም ከሌሉ ወደ ሀቡ ይሂዱ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዝቅ በተደረገ መኪና ሥር ክሪክ በቀላሉ ስለማይገባ፣ ብዙዎች ጎማውን ድንጋይ ላይ አውጥተው ወይም ብሎኬት ደርድረው ይሠራሉ። በክሪክ ብቻ፣ በድንጋይ ወይም በብሎኬት በቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ። ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና የሚያርፍበት የብረት ድጋፍ) ከሌለዎት ሥራውን ለሌላ ቀን ያቆዩት።

መኪናው መሬት ላይ እንዳለ፣ በዳዶው ጠርዝ ላይ ተመትቶ ወደ ውስጥ የገባውን ከንፈር በመሮ ያንሡና፣ ረዳትዎ ፍሬን ረግጦ በ30 ቁጥር ቡሶላ ዳዶውን ያላሉት፤ የጎማውን ዳዶዎችም እንዲሁ። ከዚያ መኪናውን አንሥተው በካቫሌቶ ላይ ካሳረፉ በኋላ ጎማውን ያውጡ፣ ቦል ጆይንቱን ከታችኛው ክንድ የሚያስሩትን አንድ ቡሎንና ሁለት ዳዶ ይፍቱ፣ ሀቡንም ወደ ውጭ ገፍተው አክስሉን ከውስጡ ያውጡ። አክስሉን ወደ ውጭ አይጎትቱት፤ በካምቢዮ (በማርሽ ሳጥኑ) በኩል ያለው ጆይንት ከቤቱ ይወጣል። ጫፉን በመዶሻ መምታት ካስፈለገ እንጨት ያስገቡ።

የጆይንቱን ትከሻና የኩሽኔታውን ፊት አጽድተው በጣት ይዳብሱ። በርካሽ ኮፒ አክስሎች ላይ ትከሻው ሳይለሰልስ የቀረ፣ የጥርሱም ልክ የላላ ሆኖ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ በእኔ አስተያየት ከሶማሌ ተራ የሚገኝ፣ የጆይንቱ መሸፈኛ ጎማ ያልተቀደደ አሮጌ ኦሪጅናል ከእነዚህ «አዲሶች» ይሻላል። ፊቱ ደኅና ከሆነ ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ በስሱ ይቀቡት፤ የዳዶው ጥርስ ላይ ግን አያስነኩት። አሮጌውን ዳዶ እንደገና አይጠቀሙ። ያንተ ያለህ! ከንፈሩ ሦስት ቦታ ተፈንክቶ ተመልሶ የታሰረ ዳዶ ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል። አዲሱን ዳዶ ፍሬን ተረግጦ በቶርክ መፍቻ በ216 ያጥብቁና ከንፈሩን መትተው ያስገቡ። ይህ ሳይጠናቀቅ መኪናውን በጎማው ላይ አያሳርፉት፣ አይግፉትም፤ ኩሽኔታው ይጎዳል። የጎማ ዳዶዎች 103 ይበቃቸዋል።

ሞላውን በተመለከተ፣ ዝቅ ማለት በራሱ ሲቪ ጆይንትን አይገድልም፤ በመጠኑ ከሆነ አክስሉ ይበልጥ አግድም ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ ከአቆራረጡ ነው። በግራይንደር የተቆረጠ ሞላ መኪናው ሲነሳ ከመቀመጫው ይለቃል፣ በየጉድጓዱም እስከ መጨረሻው ይገጫል፤ በዚህ መካከል ጆይንቶቹና መሸፈኛ ጎማዎቻቸው ያለ እረፍት ይደበደባሉ። ለዝቅታ ተብሎ በልኩ የተሠራ ሞላ ይግዙ፣ አለዚያ የፋብሪካውን ይመልሱ። ሞላውን ሲቀይሩም ይኸው ማስጠንቀቂያ ይጸናል፤ ካቫሌቶ ከሌለ ሥራ የለም። ሲጨርሱ አላይመንት ያሠሩ፤ በአዲሱ ዳዶና በአክስሉ ጫፍ ላይ አንድ የቀለም መስመር አስምረው ከሳምንት በኋላ ይመልከቱት። መስመሩ ከተዛነፈ ዳዶው እየላላ ነውና መኪናውን አይንዱት፤ መስመሩ ሳይነቃነቅ «ቀጭ» ከቀጠለ ግን አክስሉን ወደ ገዙበት ይመልሱት።