ለ1ኬዜድ ፕራዶ ማኑዋል ካምቢዮ ስትገዛ፦ እኔ የከሰርኩበት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ቪ6 ቤንዚን አውቶማቲክ ፕራዶ አለኝ፤ 1ኬዜድ ናፍጣ ሞተር ላስገጥምለት ነው፤ ካምቢዮውንም ማኑዋል ማድረግ እፈልጋለሁ፤ የቱ ይሻላል?» ነው ያልከው። እኔም ጅማ ነው ያለሁት። መኪናዬም ያው የ90 ሲሪዝ ፕራዶ ነው። ይሄንኑ ሥራ ሳሠራ የአንድ ሰሞን የቡና ገቢዬን በላብኝ። አንተ እንዳትደግመው ብዬ ነው ነገሩን የማስረዝመው።

1. አር151ኤፍ የሚባለውን ካምቢዮ ፈልግ። ፋብሪካው ራሱ 1ኬዜድ ማኑዋል ፕራዶ ላይ የገጠመው እሱን ነው። «ርካሽ ነው» ብለው የሃይሉክስ 3ኤል ሞተር ላይ የሚመጣውን የጂ ዘር ካምቢዮ ሊሰጡህ ይሞክራሉ። እሱ ቱርቦ ለሌለው ሞተር የተሠራ ነው። እለፈው።

2. አር150ን ከአር151 ለይ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው።

አዲስ አበባ ሄጄ ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞርኩ። አንዱ ሻጭ አር150 አውጥቶ «አንድ ናቸው፣ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚለየው» አለኝ። አምኜው ገዛሁት። ከውጭ ስታያቸው እውነትም መንታ ናቸው። 3ኛ፣ 4ኛና 5ኛ ማርሻቸውም አንድ ነው። ልዩነቱ ታች ነው። የአር151 አንደኛ ማርሽ 4.313 ነው (ሞተሩ ይህን ያህል ሲዞር የካምቢዮው የኋላ ዘንግ አንዴ ይዞራል፤ ቁጥሩ ሲበዛ መነሻ ጉልበቱ ይበዛል)፣ የአር150 ደግሞ 3.830። ሁለተኛውም እንዲሁ፣ 2.330 እና 2.062። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ጭነህ ከአጋሮ ወዲያ ባለው የቡና መንገድ በክረምት ጭቃ ተነስ እስቲ! 1ኬዜድ ቱርቦው እስኪነሳ ድረስ ከታች ጉልበት ያንሰዋል። ስለዚህ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ረግጠህ እያንሸራተትክ ትነሳለህ። ያ የሚያቃጥል ሽታ ጋቢናው ውስጥ ሲገባ ልብህ ይደማል። የፍሪሲዮን ሸራዬ አንድ ክረምት እንኳን አልጨረሰም።

የማርሹ ነገር ግን ቀላሉ ነበር። ትልቁ ስህተቴ ቤልሃውዚንጉ ላይ ነው፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውን ደወል የመሰለ ብረት ማለቴ ነው። ካምቢዮዬ ይዞት የመጣው የቪ6ቱን ነበር፤ እሱ 1ኬዜድ ላይ አይገጥምም። በአር ዘር ካምቢዮ ይሄ ብረት ለብቻው በብሎን የሚፈታ ነው። የ1ኬዜዱን ፈልጎ መቀየር ብቻ ነበር። መካኒኩ ግን «ምን አደከመህ፣ ቶርኖ ቤት መሃል የሚገባ ወፍራም ብረት እናስቆርጣለን» አለኝ። ቸኩዬ ስለነበር እሺ አልኩ።

የብሎን ቀዳዳዎቹ ልክ ነበሩ። መሃሉ ግን ልክ አልነበረም። የካምቢዮው ዘንግ ከሞተሩ መሃል በፀጉር ያህል እንኳን ቢያፈነግጥ ኩሽኔታ ይበላል። መጀመሪያ ፍሪሲዮን ስረግጥ ትንሽ ይጮህ ነበር። «ይላመዳል» አሉኝ። በኋላ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ስመለስ ጊቤ ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር ድምፁ እንደ ወፍጮ ሆነ። በዚያ ሙቀት መንገድ ዳር ቆምኩ። ጅማ ያስገባኝ አይሱዙ ጎትቶኝ ነው። ሲፈታ ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ በመዳፌ ላይ ዱቄት ሆና ፈሰሰች። የካምቢዮው የፊት ዘንግም ጫፉ ተበልቶ እንደ እርሳስ ሾሎ ነበር። ካምቢዮው ሞተ ማለት ነው።

ደግሞም ያቺ ኩሽኔታ ያንተ ሞተር ላይ ላትኖር ትችላለች። ከአውቶማቲክ መኪና የወጣ ሞተር ቮላኖ (ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበት ከባድ ክብ ብረት) የለውም፤ ስስ ሳህን ብቻ ነው ያለው። ቮላኖውን ከነብሎኖቹ፣ ኩሽኔታዋን፣ የፍሪሲዮን ፔዳሉን፣ የላይና የታች የፍሪሲዮን ፖምፓውን ካምቢዮውን ስትገዛ አብረህ ሰብስብ። ከቻልክ ሪዶታውንም (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለውን) እንደተገጠመ ውሰድ። ወደ ዲፈረንሻል የሚሄዱት ዘንጎች ደግሞ ርዝመታቸው ሊለወጥ ይችላል። ካምቢዮው ቦታውን ሳይዝ እንዳታስቆርጣቸው።

3. ወረቀት። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር እንዳለ ታውቃለህ። ሞተር ስትገዛ ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ወረቀቱን) እና ደረሰኙን ሳትይዝ ብር እንዳትቆጥር። እኔ ደረሰኝ ብቻ ይዤ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ይሄ አይሠራም» ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ። ምን እንደጎደለ ስጠይቀው «ነገ ና»። በማግስቱም «ነገ ና»። የጎደለው ዲክላራሲዮን መሆኑን የነገረኝ በር ላይ ያገኘሁት ጥበቃ ነው፤ እግዜር ይስጠው። ለአንድ ወረቀት ስል እንደገና አዲስ አበባ ወጣሁ። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ አር151 ከ1ኬዜድ ቤልሃውዚንጉ ጋር አገኘሁ። መካኒክ ቀየርኩ። ሲገጠም ከጎኑ አልተነቃነቅኩም፣ እያንዳንዷን ብሎን አይቻለሁ። አሁን ሙሉ ጭኜ ዳገት ላይ ስነሳ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ማድረግ ብቻ ነው፣ መኪናዋ ራሷ ትሄዳለች። ጊቤንም ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ።

ሻጩ «151 ነው» ካለህ እዚያው ቁጠርበት። አንደኛ ማርሽ አስገባ። ሪዶታው አብሮ ካለ ኤች (ፈጣኑ) ላይ ይሁን፣ የመሃል ዲፈረንሻሉም ይቆለፍ። የኋላውን ዘንግ በጠመኔ ምልክት አድርገህ አንድ ሙሉ ዙር አዙረው፤ በቤልሃውዚንጉ በኩል ያለው የካምቢዮው የፊት ዘንግ ስንት እንደዞረ ቁጠር። አራት ዙር አልፎ ሲሶ ገደማ ከሄደ 151 ነው። አራት ሳይሞላ ከቆመ 150 ነው፣ ጥለኸው ውጣ። የቤልሃውዚንጉን ፎቶ ከፊትና ከጎን አንስተህ እዚህ ለጥፈው፣ ሳትከፍል አይቼ እነግርሃለሁ።